ሰዉ ገብቶታል፣ የጎደለው ሌላ ነው

ጥያቄው፦ «ጥቂት ጎረቤታሞች ሆነን ስለ አየር ንብረት ለውጥ የሚያስተምር የበጎ ፈቃድ ቡድን ካቋቋምን ቆየን። ፖስተር ለጥፈናል፣ ስብሰባ ጠርተናል፣ ችግኝ ተክለናል፣ ፕላስቲክ ለቅመናል። ‹የኦዞን ሽፋን ተቀዶ ምድር እየነደደች ነው› የሚል ትልቅ ባነርም አሠርተናል። ሰዉ ይመጣል፣ ይሰማል፣ ያጨበጭባል፣ ይበተናል። ኑሮው ግን ያው ነው። አሁን የቡድኑ አባላት ራሳቸው ‹የሚበክሉት ትልልቅ ፋብሪካዎች ናቸው፣ እኛ ምን አገባን› ማለት ጀምረዋል። ሰዉን እንዴት ላነሳሳው? ደግሞስ እኛ ብንለፋ የሚለወጥ ነገር አለ?»

መጀመሪያ ባነሩን አውርጂው። የኦዞን ሽፋን መሳሳትና የምድር መሞቅ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። ኦዞንን ያሳሳው በዋናነት በድሮ ማቀዝቀዣዎችና በስፕሬይ ቆርቆሮዎች ውስጥ የነበረ ሲኤፍሲ የሚባል ኬሚካል ነው። በ1987 የተፈረመው የሞንትሪያል ፕሮቶኮል የሚባል ዓለም አቀፍ ስምምነት ምርቱን ደረጃ በደረጃ አስቆመው፣ ሽፋኑም ቀስ እያለ እያገገመ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ምድርን የሚያሞቀው ሌላ ነው። ከሰል፣ ነዳጅ ዘይትና የተፈጥሮ ጋዝ ሲነዱ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለ፣ ከከብት፣ ከረግረጋማ እርሻ፣ ከጋዝ ጉድጓድና ከቆሻሻ ክምር የሚወጣው ሚቴን አለ፣ የደን ምንጣሮም አለ። ቻርልስ ኪሊንግ የሚባለው ተመራማሪ በ1958 ሃዋይ ውስጥ ማውና ሎዋ ተራራ ላይ መለካት ሲጀምር፣ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣት ውስጥ 315 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር። ዛሬ ከ420 በላይ ነው።

ይሄን ያነሳሁት ስህተት ለመልቀም አይደለም። መንስኤውን የሳተ ሰው መፍትሔውንም ይስታል። እናንተም ላይ የደረሰው ይሄው ነው። ፕላስቲክ መልቀም ለቦይ፣ ለወንዝና ለከብት ጥሩ ነው፣ ሰፈርም ያምራል። ከምድር ሙቀት ጋር ያለው ግንኙነት ግን ቀጭን ነው። ፕላስቲክ ብዙ ልቀት (ምድርን የሚያሞቅ ጋዝ) የሚያስከትለው ከነዳጅ ዘይትና ከጋዝ ሲመረት ነው፣ ወድቆ ሲገኝ አይደለም። እንዲያውም ለቅማችሁ የሰበሰባችሁትን አንድ ጥግ ላይ ካቃጠላችሁት (ብዙ ቡድን ይሄን ያደርጋል፣ ጭሱ ከሩቅ ይታያል) ካርቦኑን ወደ አየር ሰደዳችሁት፣ መርዙን ደግሞ ሕፃናት ሳቡት። ባትለቅሙት ይሻል ነበር።

ችግኙም እንደዚሁ። ዛፍ ካርቦን ይይዛል፣ እውነት ነው። የሚይዘው ግን ሲያድግ ነው፣ ያቆየው የሚባለውም ቆሞ እስካለ ድረስ ነው። ተከላ የአንድ ቀን ሥራ ሲሆን ፎቶው ያምራል። ውሃ ማጠጣቱ፣ ማጠሩና ከከብት መጠበቁ ግን ዓመታት ይፈጃል፣ ፎቶም የለውም። የተከላችሁትን ሄዳችሁ ቁጠሩት። ስንት ተተከለ የሚለውን ተዉት፣ ስንቱ በሕይወት አለ?

አሁን ወደ ዋናው ነገር። «ሰዉን እንዴት ላነሳሳው» ስትዪ ከጥያቄው ሥር አንድ ግምት አለ፤ ሰዉ ስላልገባው ወይም ግድ ስለሌለው ነው የማይንቀሳቀሰው የሚል። ለዚህም ነው መፍትሔሽ ሁሉ ማስተማር የሆነው። ስብሰባችሁን ሳላየው ልንገርሽ። አንዱ ተነስቶ ለረጅም ጊዜ ያወራል። የሚቀልጥ በረዶና የተሰነጠቀ መሬት ፎቶ በፕሮጀክተር ይታያል። ከዚያ «ጥያቄ ወይም አስተያየት ያለው?» ይባላል። ዝምታ። መጨረሻ ላይ አንዲት እናት እጃቸውን ያወጡና «ቆሻሻ የሚያነሳው መኪና ለምንድን ነው በሰዓቱ የማይመጣው?» ይላሉ። መድረክ መሪው ፈገግ ብሎ «እሱ ከዛሬው ርዕስ ይወጣል» ይላል። በዚያ አዳራሽ ከተነገረው ሁሉ ሥራ ሊወጣው የሚችለው እሳቸው ያሉት ነበር፣ እሱም ተዘጋ።

ሰዉ ግድ አለው። በ2024 ኔቸር ክላይሜት ቼንጅ በሚባለው መጽሔት የወጣ ትልቅ ጥናት በ125 አገሮች ወደ 130,000 ሰዎችን ጠይቆ ነበር። የአየር ንብረት ለውጥን ለመግታት በየወሩ ከገቢዬ 1 በመቶ እሰጣለሁ ያሉት 69 በመቶ ናቸው። መንግሥታችን ከዚህ የበለጠ መሥራት አለበት ያሉት ደግሞ 89 በመቶ። ከዚያ ሌላ ጥያቄ አስከተሉ፦ ከአገርህ ሰው ስንቱ ይሰጣል ብለህ ታስባለህ? መልሱ በአማካይ 43 በመቶ ሆነ። እያንዳንዱ «እኔ ፈቃደኛ ነኝ፣ ሌላው ግን አይደለም» ብሎ ያስባል ማለት ነው። ሌላው ካልሠራ ደግሞ እኔ ብቻዬን ምን አስለፋኝ ይላል። ሁሉም በልቡ ተስማምቶ ሁሉም ቤቱ ይቀመጣል።

ስለዚህ ያንቺ ሥራ ሰዉን ማሳመን አይደለም። የተስማማው ሰው እርስ በርሱ እንዲተያይ ማድረግ ነው። ሌላ ሙያ ነው፣ ማይክሮፎንም አይፈልግም።

ካሊፎርኒያ ውስጥ የተደረገና በ2008 የታተመ ሌላ ጥናት አለ። ሰዎች ኤሌክትሪክ የምትቆጥቡት ለምንድን ነው ተብለው ሲጠየቁ ለአካባቢ ጥበቃ፣ ለኅብረተሰቡ፣ ለገንዘብ አሉ። «ጎረቤቶቼ ስለሚቆጥቡ» የሚለውን መጨረሻ ላይ አስቀመጡት። ከዚያ በየበሩ ላይ የተለያየ መልእክት ተንጠለጠለ። ቆጣሪው ሲነበብ ግን ፍጆታውን ይበልጥ የቀነሰው «አብዛኛው ጎረቤትህ እየቆጠበ ነው» የሚለው መልእክት ነበር። ሰው ጎረቤቱን እያየ እንደሚኖር ራሱ አያውቀውም፣ ቢያውቀውም አያምንም። ጣሪያ ላይ የሚተከል ሶላርም እንደዚያ ነው የሚስፋፋው፣ አንድ ቤት ላይ ሲታይ አጠገቡ ያለው ቤት የመትከል ዕድሉ ይጨምራል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፣ ብዙ ቡድን የሚወድቅበት። የሰፈሩን አማካይ ፍጆታ ለሁሉም በደፈናው ከነገርሽ፣ ከአማካዩ በላይ የነበረው ይቀንሳል፣ ከአማካዩ በታች የነበረው ግን «እንዲህ ከሆነማ እኔ ምን አስጨነቀኝ» ብሎ ከፍ ያደርጋል። በ2007 በታተመ ጥናት ይሄው ነው የታየው። መድኃኒቱ አስቂኝ ቀላል ነበር፤ ዝቅተኛ ተጠቃሚ ለሆኑት ከቁጥሩ ጎን የፈገግታ ምልክት መሳል። ደህና እየሠራህ ነው ማለት እኮ ነው፣ በቃ። ተቃራኒውም ይሠራል። ፖስተር ላይ «ብዙ ሰው ውሃና መብራት ያባክናል» ብለሽ ከጻፍሽ፣ የነገርሽው ማባከን የተለመደ መሆኑን ነው። እንዲህ ያለ ፖስተር ካላችሁ እሱንም አንሱት።

የአባላቶችሽን ጥያቄ ላልፈው አልችልም፣ ግማሽ እውነት አለውና። የግል ልቀትን ማስላት የሚለውን ነገር በሰፊው ያስተዋወቀው ቢፒ የተባለው የነዳጅ ኩባንያ ነው፣ በ2004 ለሕዝብ ማስያ አውጥቶ። ነዳጅ የሚሸጠው ድርጅት ጥፋቱን ወደ ገዢው ማዞሩ ያስቆጣል፣ ቢቆጡም አልፈርድባቸውም። ግን ከዚያ ተነስቶ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ለዚያው ኩባንያ የሚመች ነው። ፋብሪካው ለራሱ አይደለም የሚያመርተው። የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች ጉባኤ፣ አይፒሲሲ የሚባለው፣ በ2022 ሪፖርቱ በተጠቃሚው በኩል የሚደረግ ለውጥ ብቻውን በ2050 ከፍጆታ ዘርፎች የሚወጣውን ልቀት ነገሮች ባሉበት ቢቀጥሉ ከሚሆነው ከ40 እስከ 70 በመቶ ሊቀንስ ይችላል ብሏል። ታዲያ ይሄን ቁጥር ብዙ ሰው አጣሞ ነው የሚጠቅሰው። ሪፖርቱ ሰው ጥርሱን ነክሶ ይቆጥባል አላለም። ፖሊሲው፣ መሠረተ ልማቱና ቴክኖሎጂው ከተመቻቸለት ነው ያለው። አውቶቡስ በሌለበት «መኪና ተው» ብሎ መስበክ ሰውን ማሳቀቅ ብቻ ነው። አውቶቡሱ እንዲመጣ መጠየቅም የእናንተ ሥራ ነው፣ ምናልባትም ትልቁ።

ሌላው ደግሞ ለማን ነው የምትሰብኩት? በዚያው ሪፖርት መሠረት ከዓለም ቤተሰቦች ብዙ የሚለቁት 10 በመቶዎቹ ከቤተሰብ ፍጆታ ልቀት ከ34 እስከ 45 በመቶውን ይይዛሉ። ዝቅተኛው ግማሽ ግን ከ13 እስከ 15 በመቶ ነው። አንድ አምፖል ለሚያበራ ቤተሰብ ስለ ኤሌክትሪክ ቁጠባ ማስተማር ነውር ነው። ለእሱ የሚያስፈልገው ከለውጡ ጋር መኖር የሚችልበት ነገር ነው፤ ጥላ፣ ጎርፍ የማይዘጋው ቦይ፣ የማያጨስ ምድጃ፣ ቀድሞ የሚደርስ የአየር ሁኔታ ማስጠንቀቂያ። ሰፈርሽ ውስጥ ሁለቱም ዓይነት ሰው ካለ፣ ሁለት የተለያየ ሥራ ያስፈልግሻል። አንዱን ፖስተር ለሁለቱም አትለጥፊ።

ምኑን እንምረጥ ካልሽ፣ ክብደቱን እያየሽ። በ2017 ሴዝ ዋይንስና ኪምበርሊ ኒኮላስ የተባሉ ተመራማሪዎች የግለሰብ እርምጃዎችን መዝነው ነበር። ያለ መኪና መኖር፣ የአውሮፕላን ጉዞ መቀነስና አመጋገብን ወደ አትክልት ማዘንበል ከላይ ተቀመጡ። አምፖል መቀየርና ዕቃ ለይቶ መጣል ከእነሱ ጋር ሲነጻጸሩ ትንሽ ናቸው። የካናዳን የትምህርት መጻሕፍት ሲያዩ ግን በብዛት የሚመክሩት ትንንሾቹን ሆኖ አገኙት። ይሄ ስህተት በየቦታው ያለ ነው፣ ቀላል ስለሆነ ብቻ ቀላሉን እንመክራለን። ትንሽ ነገር ያደረገ ሰው ደግሞ ድርሻዬን ተወጣሁ ብሎ ትልቁን ሊተው ይችላል። መኪናም አውሮፕላንም የሌለው ሰፈር ከሆነ ቆሻሻውን እዪው። ከቤት የሚወጣ የሚበሰብስ ቆሻሻ አየር ሳያገኝ ሲቀበር ሚቴን ይሆናል፣ ሚቴን ደግሞ በ20 ዓመት ሲሰላ በክብደት ልክ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ 80 እጥፍ ያሞቃል። እዚያው ለይቶ፣ አየር እየሰጡ፣ እያገላበጡ ኮምፖስት ማድረግ ሚቴኑን በብዙ ይቀንሰዋል። ቶሎ የሚታይ ሥራ ነው፣ ክምሩን እጅሽን አስገብተሽ ስትነኪው ይሞቃል፣ ካልተገላበጠ ይሸታል፣ ጎረቤት ወዲያው ያውቃል። የእኚያ እናት ጥያቄም በዚህ በኩል ይመለሳል።

የተሳካላቸውን ሰዎች ስታዪ አብዛኞቹ ሰበካ ላይ አልቆሙም። የዴንማርኳ ሳምሶ ደሴት በ1997 መንግሥት ባዘጋጀው ውድድር አሸንፋ ሙሉ በሙሉ በታዳሽ ኃይል ልትኖር ተነሳች። ወደ 4,000 ሰው ነው የሚኖርባት። ሥራውን ያንቀሳቀሰው ሶረን ሄርማንሰን የደሴቲቱ ተወላጅ መምህር ነበር፣ ከውጭ የመጣ ባለሙያ አይደለም። በየስብሰባው እየዞረ፣ ሰዉ የሚያከብራቸውን ሰዎች አስቀድሞ እያናገረ ሄደ። ከሁሉም በላይ የሠራው ግን ባለቤትነቱ ነው። ከነፋስ ተርባይኖቹ ከፊሉን ገበሬዎች ራሳቸው ገዙ፣ ከፊሉን ነዋሪው አክሲዮን ገዝቶ ያዘው። በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ 11 ተርባይን የብስ ላይ፣ 10 ደግሞ ባሕር ላይ ቆመው ደሴቲቱ ከምትጠቀመው በላይ ኤሌክትሪክ ታመነጭ ጀመር። የጎረቤት ተርባይን ሲሆን ድምፁ ይረብሻል፣ የራስ ሲሆን ገንዘብ ይሠራል። ታዲያ መንግሥት ለነፋስ ኤሌክትሪክ የዋጋ ዋስትና መስጠቱንም አትርሺ፣ የሰፈር ፍላጎት ብቻውን እዚያ አያደርስም።

ኒጀር ደግሞ ለችግኝ ተካዮች የምነግራት ናት። በደረቁ የማራዲ አካባቢ ለዓመታት ችግኝ ሲተከል አብዛኛው ይደርቅ ነበር። በ1980ዎቹ ቶኒ ሪናውዶ የሚባል አውስትራሊያዊ የግብርና ባለሙያ፣ ሜዳው ላይ ቁጥቋጦ የሚመስለው ነገር ሥሩ ያልሞተ የተቆረጠ ዛፍ መሆኑን ልብ አለ። መትከል አላስፈለገም። ከጉቶው ከሚያቆጠቁጡት ውስጥ ጠንካራዎቹን መርጦ ማስቀረት፣ ሌላውን መመልመል፣ ከዚያ መጠበቅ። በ20 ዓመት ውስጥ ወደ 5 ሚሊዮን ሄክታር ለመለመ። ከቴክኒኩ እኩል የሠራው ሌላ ነገር አለ። ቀድሞ ዛፉ የመንግሥት ነው ይባል ስለነበር ገበሬው የሚጠብቅበት ምክንያት አልነበረውም። በማሳዬ ላይ ያለው ዛፍ የእኔ ነው ማለት ሲጀምር ነው መጠበቅ የጀመረው። እናንተ የተከላችሁት ችግኝ የማን ነው? መልሱ «የሁላችንም» ከሆነ ማንም አያጠጣውም።

ሁለት ነገር ደግሞ አታድርጊ። አንደኛ፣ ቶሎ ወደ ቅጣት አትሂዱ። እስራኤል ውስጥ በ6 የሕፃናት ማቆያዎች ልጁን አርፍዶ የሚወስድ ወላጅ እንዲቀጣ ሲደረግ አርፋጁ በዛ፣ ቅጣቱ ሲነሳም ወደ ድሮው አልተመለሰም። ይሉኝታ ይይዘው የነበረውን ገንዘብ ገዛው። ሽልማትም ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው፣ ሽልማቱ ሲያልቅ ሥራውም ያልቃል። ደንብ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። በ2009 በኢኮኖሚክስ ኖቤል ያገኘችው ኤሊኖር ኦስትሮም የጋራ ደንን፣ ግጦሽንና መስኖን ለዘመናት ጠብቀው የኖሩ ማኅበረሰቦችን አጥንታ ያገኘችው፣ ደንቡን ራሳቸው ያወጡት፣ የሚቆጣጠሩትም ራሳቸው መሆናቸውን ነው። ቅጣትም አላቸው፣ ግን መጀመሪያ በጣም ቀላል ሆኖ እየከበደ የሚሄድ። ሁለተኛ፣ ፍርሃት ብቻውን አትበትኚ። ምድር ነደደች ብለሽ ነገ ጠዋት የሚደረገውን ካልነገርሽው፣ ሰው ጭንቀቱን የሚያስታግሰው ጉዳዩን በመርሳት ነው። ከእያንዳንዱ አስፈሪ እውነት ጎን ስም፣ ቀንና ቦታ ያለው ሥራ አስቀምጪ፣ ከሌለሽ አስፈሪውን ነገር ለጊዜው ተይው።

እንግዲህ የኔ ምክር ይሄ ነው፣ ግማሹን ወስደሽ ግማሹን እንዳትተዪው። የማስተማር ዘመቻውን አቁሙት። ከቡድኑ ጋር ተቀምጣችሁ አንድ ነገር ብቻ ምረጡ፣ ክብደት ያለው፣ ውሳኔው በእናንተ እጅ ያለና ከውጭ የሚታይ። ቆሻሻ፣ ትራንስፖርት ወይም ኤሌክትሪክ ሊሆን ይችላል፣ ሦስቱም ግን አይሆንም። ለሰፈሩ ሁሉ አታውጁት። አምስት ስድስት ቤት ይጀምር፣ ከእነሱ ውስጥ ቢያንስ ሁለቱ ሰፈሩ የሚሰማቸው ሰዎች ይሁኑ፣ የቡድን አባል ባይሆኑ ደግሞ ይሻላል። ቃል ሲገቡ «እንሞክራለን» አይበቃም። ማን፣ በየትኛው ቀን፣ የት የሚለው በወረቀት ይጻፍ። የተጀመረው ቤት ደጅ ላይ ምልክት ይኑር። ልኬት ይኑራችሁ፣ የተለየው ቆሻሻ በኪሎ ወይም የቆጣሪ ንባብ፣ ውጤቱ በየወሩ ሰው በሚያልፍበት ቦታ ይለጠፍ። የሚለጠፈው የጋራው ድምር ነው፣ የማንም ቤት ለብቻው ተለይቶ አይሰቀል፣ ያ ማሳፈር ይሆናል፣ ያፈረ ሰው አይመለስም። አዲስ ወደ ሰፈሩ የገባ ቤተሰብ ካለ ደግሞ ቶሎ ድረሱበት። ሰው ቤት ሲቀይር ልማዱ ገና ስላልረጋ አዲስ ነገር ይቀበላል፣ ከከረመ በኋላ ይከብዳል።

ከዚያ፣ ጥቂት ወር ውጤት ስትይዙ፣ ቁጥሩን ይዛችሁ የአካባቢ አስተዳደሩ ቢሮ ሂዱ። የቃሉ ጉዳይ ወሳኝ ነው፣ «ስለ አየር ንብረት ለውጥ ትኩረት ይሰጥልን» የሚል ደብዳቤ መዝገብ ቤት ተቀምጦ ይቀራል። «ይሄን ያህል ቤት ቆሻሻውን ለይቶ ያወጣል፣ ይሄን ያህል ኪሎ ወደ መጣያ እንዳይሄድ ሆኗል፣ የቀረውን የሚወስደው መኪና በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት ይምጣልን» የሚለውን ግን አንድ ኃላፊ እሺ ወይም እምቢ ማለት አለበት።

የአንድ ሰፈር ሥራ የምድርን ሙቀት በሚለካ መጠን አይቀንስም። እንዲያ ብለሽ ቃል አትግቢ፣ ሰዉ ሲያጣው «ዋሹን» ይላል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ አየር ላይ ለመቶዎች ዓመታት ስለሚቆይም የዛሬው ቅነሳ የነገውን ሙቀት ነው የሚያስቀረው፣ የዛሬውን ሙቀት አይመልስም። ቃል መግባት የምትችዪው ቶሎ የሚታየውን ነው፤ የቀነሰ ሽታ፣ የቀነሰ የመብራት ሂሳብ፣ የቀነሰ ጭስ። ቢሮው ካልመለሰላችሁ ደግሞ በሚቀጥለው ወር ያንኑ ደብዳቤ በአዲሱ ቁጥርና በተጨመሩት ቤቶች ፊርማ መልሳችሁ አስገቡ፣ ገቢ የተደረገበትን ማኅተም ያለበት ኮፒም ያዙ።